በረግረግ ዳር ተቀምጦ ወፍ ስለ መመልከት

ወንድሞቼና እኅቶቼ ገበሬዎች ሆይ፥ በዚህ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ዘር አመራረጥ አይደለም፤ ስለ ወፍ ነው። ይኸን ያየ ሰው፥ «ወፍ መመልከት የሥራ ፈት ጨዋታ ነው፤ ለእኛ ምን ይረባናል?» ይል ይሆናል። እኔም አስቀድሞ እንደዚሁ እል ነበር። ዳሩ ግን ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሚገኘው በፎገራ ሜዳ፥ ሸሸርና ወላላ በተባሉት ረግረጎች ዳር፥ ከባላገሩ ጋር ብዙ ማለዳ ተቀምጬ ካየሁ ወዲህ፥ ወፍ መመልከት ከእርሻ ሥራ አንዱ ክፍል መሆኑን ተረድቻለሁ።

አገሩን ለማያውቅ ሰው ጥቂት ልግለጽ። የፎገራ ሜዳ፥ ጉማራና ርብ የተባሉት ወንዞች ወደ ጣና ከመግባታቸው በፊት የሚያቋርጡት ጠፍጣፋ አገር ነው። በክረምት ወንዞቹ ሞልተው ሲፈሱ ሜዳው በውኃ ይሸፈናል። መስከረም ከጠባ በኋላ ውኃው ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ጎድጎድ ባለው ቦታ ግን ተኝቶ ይቀራል። ሸሸርና ወላላ እንደዚህ ውኃ የሚቀርባቸው ቦታዎች ናቸው። በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት በዚህ ሜዳ ሣር ያደገ ዘር ነው። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ሩዝ ገብቶ አገሩ የሩዝ አገር ሆኗል፤ ከሩዙ በኋላ ጓያና ሽምብራ ይከተላል፤ ውኃው እየሸሸ በሚለቀው ዳር፥ ባሕር ሸሽ በሚባለው መሬትም፥ ሌላ ዘር ይወድቃል። ስለዚህ ሰውም፥ ከብትም፥ ወፍም የሚበሉት ከአንድ ገበታ ነው። ጠቡም የሚነሣው ከዚሁ ላይ ነው።

አንድ ቀን ኅዳር ወር ላይ በረግረጉ ዳር ቆሜ ሳለሁ፥ አንድ አዛውንት ገበሬ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው መጡና፥ «ልጄ፥ አንተ ቆመህ የምታደንቃቸው ወፎች እኮ የእኔን ሽምብራ በልተው ነው የወፈሩት» አሉኝ። «የትኞቹ ናቸው አባቴ?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ እጃቸውን ዘርግተው ሜዳውን በሙሉ አሳዩኝ። «ሁሉም ናቸው፤ ሽመላ በሙሉ ሌባ ነው!» አሉ። እኔም፥ «እንግዲያውስ ነገ ጧት አብረን እንቀመጥና ሌባውን ለይተን እንያዘው» አልኋቸው። እሳቸውም ሣቁና እሺ አሉ።

ከዚያም ሦስት ማለዳ ተቀመጥን። ያየነውን ከመናገሬ በፊት ግን፥ ሌላውም ገበሬ በየመንደሩ ባለው ረግረግ ዳር ይኸንኑ ማድረግ እንዲችል አቀማመጡን ላስረዳ።

ወፍ ለመመልከት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የሩቅ ማያ መነጽር ያለው ሰው ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝም ዐይንና ትዕግሥት ይበቃል። የሚሻለው ሰዓት ጎሕ ሲቀድ፥ ማለትም ከጧቱ 12 ሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ 2 ሰዓት፥ እንዲሁም ማታ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ቀትር ላይ ወፉም ያርፋል፥ ሜዳውም በሙቀት ይርገበገብና ዐይን ያታልላል። ጧት ከረግረጉ በስተምሥራቅ፥ ማታ ከረግረጉ በስተምዕራብ ተቀመጡ፤ ያን ጊዜ ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና ወፉን ታበራላችኋለች። ፊታችሁን ወደ ፀሐይ አድርጋችሁ ከተቀመጣችሁ ግን ወፉ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ነጩን ከግራጫው ለመለየት አትችሉም። ነጭ ጋቢ ለብሶ መሄድ አይበጅም፤ ነጭ ጋቢ ለቤተ ክርስቲያን እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ውሻ ቤት ይቅር። ወንጭፍ የያዘ ልጅም አብሮ ቢመጣ ወንጭፉን ይሰብስብ። ባዶ እግር ሆኖ ውኃው ውስጥ መግባት ደግሞ ለአልቅትና ለቢልሃርዚያ በሽታ ያጋልጣልና ደረቁ ላይ ሁኑ።

እውነቱን ለመናገር በማማ ላይ ተቀምጦ እህል የሚጠብቅ ልጅ ከእኛ ከባለሙያዎቹ ይልቅ ወፍ ያውቃል። የቱ ወፍ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ፥ ጩኸትን የማይፈራው የቱ እንደሆነ፥ አንዱ ሲነሣ ሌላው ለምን እንደሚከተል ጠይቁት። እኔ ብዙውን ነገር የተማርኩት ከእንደዚህ ያሉ ልጆች ነው።

አሁን ወደ መለየቱ እንምጣ። ባላገሩ ረጅም እግር ያለውን ወፍ ብዙ ጊዜ ሽመላ ብሎ ባንድ ስም ይጠራዋል፤ ነገር ግን በዚህ ስም ውስጥ ጠባያቸው ፈጽሞ የተለያየ ብዙ ወገኖች አሉ። ለመለየት ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛው አበራረሩ ነው። ሲበር አንገቱን አጥፎ ከትከሻው ላይ የሚያስቀምጠው ዓሣና እንቁራሪት አዳኙ ወገን ነው፤ ይኸ እህል አይነካም። ከከብት እግር ሥር የማይጠፋው ነጭ ወፍ ከዚሁ ወገን ነው፤ ከብቱ ሲራመድ ከሣሩ የሚነሡትን ፌንጣዎችና ዝንቦች ይለቅማል። አንገቱን እንደ ጦር ቀጥ አድርጎ የሚበረው ደግሞ ወይ እውነተኛው ሽመላ ወይም ባለሙያዎች ክሬን የሚሉት ወፍ ነው። እነዚህን ሁለቱን የሚለየው ድምፅ ነው። ሽመላ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፤ መንቁሩን ብቻ ያንቋቋል። ክሬን ግን ድምፁ እንደ መለከት ነው፤ ገና ሳይታይ ከሩቅ ይሰማል።

ሁለተኛው መንቁሩ ነው። መንቁር የወፍ ማረሻው ነው፤ መንቁሩን ያየ ሰው ምግቡን ያውቃል። ወደ ታች እንደ ማጭድ የታጠፈ መንቁር ያለው ወፍ ከጭቃ ውስጥ ትል ያወጣል። እንደ ማንኪያ ጠፍጣፋ መንቁር ያለው ዳክዬ ውኃውን ያጠልላል። መንቁሩን ሲገጥም መካከሉ ላይ ክፍተት የሚቀረው ጥቁር ሽመላ ቀንድ አውጣን ከቅርፊቱ አውጥቶ ይበላል። ከእነዚህ ከሦስቱ ሽምብራ የሚሰርቅ የለም። እንግዲህ ዱላ ከመወርወር በፊት መንቁር ማየት ይገባል።

ክሬኖቹ ራሳቸው በፎገራ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በራሱ ላይ እንደ ወርቅ ገለባ ያለ አክሊል የደፋው ነው። ይኸ የአገራችን ነዋሪ ነው፤ በረግረግ ሣር ውስጥ ጎጆውን ይሠራል፤ እግሩን መሬት ላይ እየመታ ፌንጣ አስነሥቶ ይለቅማል፤ ከክሬን ሁሉ በዛፍ ላይ የሚያድረው የአክሊለኞቹ ወገን ብቻ ነው። ሁለተኛው ትልቁ፥ አንገቱ ነጭ ሆኖ ከጉንጩ በታች ሁለት ሥጋ መሰል ነገር የተንጠለጠለበት ነው። በረግረግ ውስጥ በመንቁሩ እየቆፈረ የቄጠማ ዓይነት ሥሮችን ይበላል። አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ይጥላል፤ ብዙ ጊዜ የሚያድገው ግን አንድ ጫጩት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ወፍ አንድ ጎጆ ቢረገጥበት የዓመት ድካሙ ጠፋ ማለት ነው።

ሦስተኛውና በቁጥር እጅግ የሚበዛው ግራጫው ክሬን ነው፤ አንገቱ ጥቁርና ነጭ ሲሆን በአናቱ ላይ ትንሽ ቀይ አለበት። ይኸኛው እንግዳ ነው። በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ ረግረጎች ይፈለፈላል፤ በዚያ አገር ብርዱ ሲጠና ወደ እኛ ይመጣል። የእነርሱ ክረምት የእኛ በጋ ስለሆነ፥ በጥቅምትና በኅዳር ይደርሱና በየካቲትና በመጋቢት ይመለሳሉ። በፊንላንድና በኢስቶኒያ ምልክት የተደረገላቸው ክሬኖች ኢትዮጵያ ድረስ መምጣታቸው ተረጋግጧል። በጣና ዙሪያም በበጋ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ይሰበሰባሉ። ይኸን ያህል መንገድ የሚመጡበት ምክንያት ሁለት ነገር ነው፤ ቀን የሚለቀም እህልና ነፍሳት፥ ሌሊት የሚተኙበት ውኃ።

መኝታቸው ላይ ጥቂት እንቆይ፤ የነገሩ ፍሬ እዚህ ነውና። ግራጫው ክሬን ዛፍ ላይ አያድርም፥ ደረቅ መሬት ላይም መተኛት አይወድም፤ ቀበሮና ጅብ ያገኘዋል። ስለዚህ ከቁርጭምጭሚት በላይ፥ ከጉልበት በታች በሆነ ውኃ ውስጥ ቆሞ ያድራል። አውሬ ሲመጣ ውኃው ይንቦጫረቃል፥ እሱም ይነቃል። ውኃው ጠልቆ ከሆነ መቆም አይችልም፤ ደርቆ ከሆነ አያምንም። ስለዚህ ክሬኑ ያደረበትን ስፍራ ያየ ገበሬ፥ የረግረጉ ውኃ ምን ያህል እንደቀረ ሳይለካ ያውቃል።

አሁን ከአዛውንቱ ጋር ያየነውን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ማለዳ ክሬኖቹ ከውኃው ተነሥተው፥ በሰልፍ በሰልፍ ሆነው፥ በሽምብራው ላይ አልፈው ወደ ታጨደው የሩዝ ማሳ ሄዱ፤ በዚያም የረገፈውን ፍሬ ሲለቅሙ ዋሉ። አዛውንቱ ዝም አሉ። በሁለተኛው ማለዳም እንደዚሁ ሆነ፤ እኔም በልቤ «ረታሁ» አልሁ። በሦስተኛው ማለዳ ግን ወደ 40 የሚሆኑ ክሬኖች ከሰልፉ ተለይተው፥ ከሳምንት በፊት ከተዘራው የሽምብራ ማሳ ጫፍ ላይ አረፉ፤ ልጁ ጮሆ እስኪያስነሣቸው ድረስም ዘሩን ከአፈር ውስጥ እየነቀሉ በሉ። አዛውንቱ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝና፥ «አየህ ልጄ?» አሉኝ። አየሁ እንጂ! ስለዚህ ክሬን ዘር አይነካም ብሎ የሚያስተምራችሁ ሰው ቢኖር አትመኑት።

ወደ ማሳው ወርደን ስንመረምር ደግሞ ሌላ ነገር አገኘን። በጫፉ በኩል ዘሩ የተበላበት ቦታ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ ነበር፤ ይኸ የክሬን ሥራ ነው። በመካከሉ በኩል ግን ዘሩ አልተነካም፤ የበቀለው ቅጠል ነበር እንደ በግ ግጦሽ ከላይ የተቀነጠሰው። በዚያም የወደቀው ኩስ አረንጓዴና ሣር የሞላበት ነበር። ይኸ ሌሊት የሚግጠው የዱር ዝይ ሥራ ነው። እንግዲህ ሌባው ሁለት ነበር፥ ጠባቂው ግን ቀን ብቻ ነበር የሚጠብቀው።

ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ቀላል ነው። ከዘር ቀን ጀምሮ ቡቃያው ሥር እስኪይዝ ድረስ ባሉት ቀኖች የጧቱን ጥበቃ አጠነከሩ፤ ዘሩንም ላይ ላዩን ከመበተን ይልቅ አፈር በደንብ እንዲያለብሰው አደረጉ። የታጨደውን የሩዝ ማሳ ደግሞ ወዲያው ከማረስ ጥቂት ቀን አቆዩት፤ ክሬኑ የረገፈ ፍሬ በሌላ ስፍራ ካገኘ አፈር ቆፍሮ ዘር ለማውጣት አይደክምምና። ጎረቤታሞች በአንድ ሰሞን ቢዘሩም ይረዳል፤ ብቻውን ቀድሞ ወይም ብቻውን ዘግይቶ የዘራ ሰው የወፍን ሁሉ ዕዳ ብቻውን ይከፍላል። መርዝ የነካውን ዘር ለወፍ መበተን ግን ከቶ አይገባም። መርዙ ክሬኑን ከመግደል አልፎ ዶሮን፥ ውሻንና ውኃውን የሚጠጣውን ከብት ይነካል። ግሪሳ የሚባለው መንቁረ ቀይ ትንሽ ወፍ በመንጋ መጥቶ በቆመ እህል ላይ ቢሰፍር ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱን ወዲያው ለግብርና ባለሙያ ማስታወቅ ነው እንጂ ክሬንን በግሪሳ ኃጢአት መቅጣት አይደለም።

አንዳንድ ገበሬ ግን፥ «ይኸ ሁሉ ጣጣ ለምን? ረግረጉን አድርቀን ብናርሰው ወፉም ይሄዳል፥ መሬቱም ይሰፋል» ይላል። ይኸ ሐሳብ በፎገራ ሐሳብ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ከ1979 እስከ 2000 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ሸሸር ከስፋቱ እጅግ የሚበዛውን አጥቷል። ወንዙ እንዳይፈስበት ተገድቧል፤ ዳርና ዳሩ ታርሷል፤ በበጋም የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ለሽንኩርትና ለሌላ አትክልት ውኃውን ይስቡታል። የሽንኩርት ገንዘብ መልካም ገንዘብ ነው፤ እኔ አልነቅፈውም። ነገር ግን የሚከፈልበት ዋጋ አለ። አምባዛ ውኃው ሜዳውን ሲሸፍን ከጣና ወጥቶ በእንደዚህ ባለው ሣራም ስፍራ ይራባል፤ ረግረጉ ከጠፋ ጫጩት ዓሣው የሚያድግበት ይጠፋል። ከብቱም በሚያዝያ፥ ሜዳው ሁሉ ሲሰነጠቅ፥ የመጨረሻውን ለምለም ሣር የሚያገኘው ከዚሁ ዳር ነው። ለበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጠማም ከደረቅ መሬት አይታጨድም።

ይኸን ነገር ከእኛ በፊት የሞከሩ አሉ። በእስራኤል አገር ሁላ የሚባል ረግረግ ነበር። እርሻ ለማስፋት ብለው አደረቁት፤ ሥራውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ የሆነው ያልታሰበ ነበር፤ ከበሰበሰ ተክል የተሠራው አፈር ደርቆ ሰመጠ፥ በእሳትም ይያያዝ ጀመር፥ አቧራውም በነፋስ ተነሣ፥ ከአፈሩ የታጠበውም ነገር ወደ ገሊላ ባሕር ወርዶ ውኃውን አስቸገረ። በመጨረሻ በ1994 ከፊሉን መሬት እንደ ገና በውኃ ሞሉት። ክሬኖችም በአሥር ሺህ እየሆኑ መጡ፤ የገበሬውንም ኦቾሎኒ ይበሉ ጀመር። ገበሬዎቹና የተፈጥሮ ጠባቂዎቹ ተስማምተው በአንድ በተወሰነ ስፍራ በቆሎ ይበትኑላቸዋል፤ በማሳው ላይ ሲያርፉ ያባርሯቸዋል። ከእነዚያ ክሬኖች አንዳንዶቹ በዚያ ዐርፈው ጉዟቸውን ወደ እኛ አገር ይቀጥላሉ። የፎገራ መረሬ እንደ ሁላ አፈር አይቃጠልም፤ ይሰነጠቃል እንጂ። በቆሎ የመበተን አቅምም የለንም። ነገር ግን አንዴ የደረቀውን ረግረግ መልሶ ማርጠብ ምን ያህል ዘመንና ገንዘብ እንደሚፈጅ ከእነርሱ ማየት ይቻላል።

የጣና ሐይቅ አካባቢ በሰኔ ወር 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ በዓለም የባዮስፌር መዝገብ ተጽፏል። መጻፉ መልካም ነው፤ ሆኖም የሸሸርን ውኃ ሞተሩ ዘንድ ቆሞ የሚያየው ዩኔስኮ አይደለም፥ ገበሬው ነው። ስለዚህ ሞተር ያላቸውና ከብት ያላቸው ሰዎች በኅዳር ወር፥ ውኃው ገና ሳለ፥ አብረው ቢቀመጡና ቢስማሙ ይሻላል። ውኃው ካለቀ በኋላ የሚደረግ ሽምግልና ሽምግልና አይባልም። አንድ ረጅም ችካል በረግረጉ ውስጥ ትከሉና በቢላዋ ምልክት አድርጉበት። ውኃው በጉልበት ልክ ካለው ምልክት ሲደርስ የሞተሮቹ ቁጥር ይቀነስ፤ በቁርጭምጭሚት ልክ ካለው ሲደርስ ሞተር ይቁም፤ የቀረው ለከብትና ለዓሣ ይተው። ችካሉን የሚጠብቀው ሰው ቢያንቀላፋ እንኳ ክሬኖቹ ያስታውቃሉ። አንድ ማታ መጥተው ሲያንዣብቡ ቆይተው ሳያርፉ ከሄዱ፥ የረግረጉ ውኃ ከሚገባው በታች ወርዷል ማለት ነው።

ስለዚህ ቁጥራቸውን መመዝገብ ይጠቅማል። አቆጣጠሩም እህል እንደ መስፈር ነው። አንድ ጊዜ አሥሩን ወፍ አንድ በአንድ ቁጠሩና ምን ያህል ስፍራ እንደያዙ በዐይናችሁ ያዙ፤ ይኸ ቁናችሁ ነው። ከዚያ ያንን ቁና በመንጋው ላይ እያስተላለፋችሁ ስንት ጊዜ እንደሞላ ቁጠሩ። መንጋው የበዛ ከሆነ በመቶ ስፈሩ። የሚቆጠሩት ማታ ወደ መኝታቸው ሲገቡ ነው፤ በሰልፍ ስለሚመጡ ይቀላል። በልጆች የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ቀኑን፥ ቁጥሩንና በችካሉ ላይ የታየውን የውኃ ልክ ጻፉ። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ከሁለት በጋ በኋላ ያ ደብተር ስለ ውኃው በሚደረግ ስብሰባ ላይ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይሰማል፤ «ውኃው እየቀነሰ ነው» ከማለት፥ «አምና የጥር ወር በገባ በአሥረኛው ቀን ይኸን ያህል ነበር፥ ዘንድሮ ይኸን ያህል ሆነ» ማለት ይሻላልና።

አንድ ነገር ልጨምር። ከክሬኖቹ መካከል በእግሩ ላይ ባለ ቀለም ቀለበት የታሰረበት ሊገኝ ይችላል። ይኸ ድግምት አይደለም፤ ወፉ ገና ጫጩት ሳለ በተፈለፈለበት አገር ያሰሩለት ምልክት ነው። አትያዙት፥ አታባርሩትም። የቀለበቶቹን ቀለም ከላይ ወደ ታች በተራ፥ የግራውን እግርና የቀኙን ለይታችሁ፥ ከቀኑና ከስፍራው ጋር በደብተሩ ጻፉና በቀበሌያችሁ ላለው የግብርና ባለሙያ ስጡ። የእኔ አዛውንት ባለፈው በጋ አንድ እንዲህ ያለ አግኝተው፥ ቀለሙን እንዳይረሱ የመንገዱን ያህል እየደጋገሙ፥ «ቢጫ፥ ሰማያዊ፥ ቢጫ» እያሉ ከማሳቸው እስከ ቢሮው ድረስ በእግራቸው መጡ።